አስነጋሪ፦ ከቅኔ ቤት እስከ ሪፈር ወረቀት

የዓመት መጽሐፉ አዘጋጅ ኮሚቴ «ስለ ደብረ ታቦርና አካባቢው የትምህርት ታሪክ አንድ ነገር ጻፊልን» ሲለኝ፣ ብዙዎቻችሁ የምትጠብቁት ስለ ሆስፒታሉ ወይም ስለ ዩኒቨርሲቲው አመሠራረት እንደሚሆን ገምቻለሁ። እሱን ሌላ ሰው ቢጽፈው ይሻላል። እኔ የማነሳው ስለ መጻፍ ነው፤ በተለይም ተማሪ መጻፍን የሚማረው ከማን ነው ስለሚለው ጥያቄ። ይህ የቋንቋ መምህራን እንጂ የሐኪም ጉዳይ የማይመስላቸው ስለሚኖሩ፣ እንዴት ወደዚህ እንደገባሁ በአጭሩ ልናገር።

ከጥቂት ዓመታት በፊት የመጀመሪያ ልጇን ያረገዘች አንዲት ወጣት ከቆላው ወገን በአምቡላንስ መጣችልን። ኤክላምፕሲያ ነው፤ መንገድ ላይ ሁለት ጊዜ አንቀጥቅጧታል። የሪፈር ወረቀቷ ላይ «ማግኒዥየም ሰልፌት ተሰጥቷታል» ይላል። ምን ያህል? በስንት ሰዓት? በደም ሥር ነው በጡንቻ? የለም። ይህን መድኃኒት ለማታውቁ መምህራን፦ ካልተሰጠ መንቀጥቀጡ ተመልሶ ይመጣል፤ በላዩ ላይ ከተደረበ ደግሞ ትንፋሽ ሊያቆም ይችላል። ተረኛዋ ኢንተርን ወረቀቱን ወደፊትም ወደኋላም እያገላበጠች ቆመች። የጉልበቷን ሪፍሌክስ አየን፣ ትንፋሿን ቆጠርን፣ ሽንቷን ለካን፣ በዚህ መሀል ስልክ እንደውላለን። ከብዙ ሙከራ በኋላ ተነሳ። እናትየዋም ልጁም ተረፉ።

ወረቀቱን የጻፈው ባለሙያ ሰነፍ አልነበረም። በስልክ ስንጠይቀው መጠኑንም ሰዓቱንም በቃሉ ነገረን። ሥራውን በትክክል ሠርቷል። እሱ ያላሰበው አንድ ነገር ብቻ ነው፤ ወረቀቱን የሚያነበው ሰው እሱ የሚያውቀውን እንደማያውቅ። ይህ የሰዋስው ችግር አይደለም፤ የእንግሊዝኛ ችግርም አይደለም። አንባቢ አይቶ የማያውቅ ጸሐፊ ችግር ነው። እስቲ አስቡት፤ ከአንደኛ ክፍል እስከ ምረቃ የጻፍነውን ያነበበልን ማን ነበር? መምህሩ ብቻ። መምህሩ ደግሞ መልሱን አስቀድሞ ያውቃል፤ የሚያነበው ማርክ ለመስጠት እንጂ ያላወቀውን ለማወቅ አይደለም። ለሚያውቅ ሰው ሃያ ዓመት ሲጽፍ የኖረ ሰው ለማያውቅ ሰው መጻፍን ከየት ያመጣዋል?

ይህን ጥያቄ ይዤ ስዞር ያገኘሁት መልስ ከጎረቤቴ ነው።

የደቡብ ጎንደርን ደጋ በአብነት ተማሪ ዓይን ያየ ሰው አንድ ሰፊ ካምፓስ ያያል። ድጓ ለማስመስከር ጋይንት ቤተልሔም፤ ዝማሬ መዋሥዕት ለማስመስከር ዙር አባ፤ የተክሌን አቋቋም ለማስመስከር እዚሁ ደብረ ታቦር ኢየሱስ። ቅኔ የፈለገ ደግሞ በምሥራቅ ከጋይንት ወዲያ ወደ ዋድላ ይዘልቃል፣ ወይም አባይን ተሻግሮ ወደ ጎጃም፣ ወደ ጎንጅና ወደ ዋሸራ ይወርዳል። ስማቸው የገነነው የቅኔ ቤቶች የእኛን አገር ከሁለት ወገን ይዘውታል ማለት ነው። ተማሪው ደበሎውን ለብሶ፣ አኩፋዳውን አንግቶ፣ ለአንዱ ትምህርት አንድ ደብር፣ ለሌላው ሌላ ደብር እያለ ዕድሜውን በመንገድ ይጨርሳል። የኮርስ ምዝገባው በእግር ነበር።

በነገራችን ላይ የደብረ ታቦሩ አቋቋም ራሱ ታሪክ አለው። አለቃ ገብረ ሃና፣ ያ እኛ በቀልዳቸው ብቻ የምናውቃቸው የፎገራ ሊቅ፣ ከጣና ውኃና ከደንገሉ መወዛወዝ ወስደው አዲስ የአቋቋም ስልት እንዳወጡ፣ የጎንደር ሊቃውንት አልቀበል ቢሏቸው ለልጃቸው ለተክሌ እንዳስተማሩት፣ በልጁም ስም እዚህ እንደተተከለ ይነገራል። አዲስ ነገር ያወጣ ሰው በመጀመሪያ የሚፈርዱት እኩዮቹ ናቸው፤ እነሱ ካልተቀበሉት ሌላ አድማጭ ይፈልጋል። አለቃ የሚታወሱበት ቀልድ ሁሉ ሲታተም፣ መምህርነታቸው በአንድ መስመር መታለፉ ያናድደኛል፤ ወደ ጉዳዬ ልመለስ።

ቅኔ ቤት በመሠረቱ የድርሰት ትምህርት ቤት ነው። በሌሎቹ ጉባኤያት ተማሪው ያለውን ይቀበላል፤ ድጓውን እንደተጻፈ፣ ዜማውን እንደተሰጠው ያጠናል። በቅኔ ቤት ግን ያለው አይበቃም። የትናንቱ ቅኔ ለዛሬ አይሆንም፤ የሰው ቅኔም የሰው ነው። በየቀኑ አዲስ ይዞ መቅረብ ግድ ነው። ትምህርቱ ከሁለት ቤቷ ጉባኤ ቃና ይጀምራል፤ ሦስት ቤት ወዳለው ዘአምላኪየ ይሻገራል፤ እንዲህ እያለ ዋዜማውንና ሥላሴውን አልፎ ስምንት ቤት ያለው መወድስ ላይ ይደርሳል። አንዱን ሳይችል ወደ ሌላው የሚያልፍ የለም። አንዱ በአንድ ዓመት የሚጨርሰውን ሌላው በሦስት ዓመት ቢጨርስ የሚደነቅ ሰው የለም፤ ሴሚስተር የሚባል ነገር የለምና።

ውሎው እንዲህ ነው። የኔታ ቅኔ ያስቆጥራሉ፤ ግሱን፣ እርባ ቅምሩን፣ አገባቡን፣ ሰሙንና ወርቁን እያፍታቱ ያሳያሉ። ከዚያ ተማሪው ከጓደኞቹ ተለይቶ ይሄዳል። ከዛፍ ሥር ወይም ከወንዝ ዳር ተቀምጦ፣ ፊቱን ሸፍኖ፣ እያጉተመተመ ይቆጥራል። በዚህ አገር ያደግን ሁሉ በልጅነታችን አይተነዋል፤ የተኛ መስሎን የቀሰቀስነውም ይኖራል። ቅኔው ሲመጣለት ይመለሳል። የእኔ ነገር የሚጀምረው እዚህ ላይ ነው። ጀማሪው በቀጥታ ወደ የኔታ አይሄድም። ከፍ ወዳለው ተማሪ፣ አስነጋሪ ወደሚባለው ይሄድና ይነግረዋል።

አስነጋሪው መምህር አይደለም፤ እሱም ገና ተማሪ ነው። ትናንት እዚያው ድንጋይ ላይ ተቀምጦ የነበረ፣ የራሱ የአገባብ ስሕተት ገና ከአእምሮው ያልወጣ ሰው ነው። ያዳምጣል። ግሱ ከባለቤቱ ጋር ካልተስማማ ያስቆመዋል። ሰሙ ቆሞ ወርቁ ከጠፋ «ወርቁ የታለ?» ይለዋል። ቤቱ ከጎደለ ይመልሰዋል። ልጁ ሄዶ ያቃናና ደግሞ ይመጣል። የኔታ ጆሮ የሚደርሰው በዚህ በኩል ያለፈው ነው።

ባለፈው ክረምት እዚህ ከተማ ጉባኤ ዘርግተው የሚያስተምሩ አንድ አባት ዘንድ ሄጄ ስለዚህ ጠየቅኋቸው።

«የኔታ፣ አስነጋሪው ራሱ ቢሳሳትስ?»

«ይሳሳታል እንጂ!» አሉኝ። «እሱ ደህና ነው ብሎ ያሳለፈው እኔ ፊት ሲነቀፍ፣ የሚያፍረው ነጋሪው ብቻ ይመስልሻል? ያሳለፈውም ነው። ያን ጊዜ ነው እሱ የሚማረው። አስነጋሪ የማቆመው ለጀማሪው ብዬ ብቻ መስሎሽ ነበር እንዴ፣ ልጄ?»

ይህን ስሰማ ብዙ ነገር ተገለጠልኝ። እኛ «የቡድን ሥራ» ብለን የምንሠራውና ቅኔ ቤት የሚሠራው ፍጹም ተቃራኒ ናቸው። ቅኔ ብቻውን ነው የሚቆጠረው፤ ማንም ለማንም አይቆጥርም። በኅብረት የሚደረገው መስማቱ ነው። እኛ ደግሞ መጻፉን የኅብረት አደረግነው፤ መስማቱን ለማንም አልሰጠነውም። ዩኒቨርሲቲ የገባ ሁሉ ያውቀዋል፤ ግሩፕ አሳይመንት ሲሰጥ አንዷ ትጽፋለች፣ አንዱ ያስተይባል፣ አንዱ ፎቶ ኮፒ ይከፍላል፣ ሽፋኑ ላይ የአምስት ሰው ስም ከነመታወቂያ ቁጥሩ ይደረደራል። ከአምስቱ ሦስቱ የተጻፈውን የሚያዩት ማርክ ሲመለስ ነው፤ ያውም ማርኩን እንጂ ጽሑፉን አይደለም።

ተማሪው ቤት ሞልቶ ሲያበቃ ደግሞ አድማጩ ይሰፋል። በዓል ሲመጣ ማኅሌት ላይ ቅኔ ያቀርባል፤ ዙሪያውን የቆሙት ሊቃውንት ሰምተው ደስ ሲላቸው «ይበል!» ይሉታል፤ ካልጣማቸውም ዝምታቸው ይሰማል። እንዲህ ያለ አንባቢ ከፊቱ የቆመ ሰው ቃል አያባክንም። በቅጽበት ቅኔ ማፍለቁን «ዘረፋ» ማለታቸውም ያስቀኛል፤ የሌላውን መውሰድ በማይፈቀድበት ቤት የተማረው ሁሉ ዘራፊ ይባላል።

ይህን ስል ቅኔ ቤትን ገነት ላደርገው አይደለም። ሐኪም ነኝ፤ እከክ፣ ታይፈስና ረሀብ ከየት ከየት እንደሚመጡ አውቃለሁ፤ የቆሎ ተማሪ ጎጆና በውሻ የተነከሰ ቁርጭምጭሚት አዲሴ አይደለም። ነቀፋውም አንዳንዴ ከማቃናት አልፎ ማዋረድ ይሆናል። ከሁሉ በላይ ደግሞ ደጁ ለሴት ልጅ ጠባብ ነበር። የጎጃሟ እማሆይ ገላነሽ ሐዲስ፣ ማየት የተሳናቸው ሆነው ከአባታቸው ቅኔ ተምረው፣ ወንበር ዘርግተው ወንዶቹን ቅኔ ያስተማሩ ሴት፣ ስማቸው እስከ ዛሬ በአድናቆት የሚነሳው ብቻቸውን ስለሆኑ ጭምር ነው። እኔ በዚያ ዘመን ብወለድ አስነጋሪ ይቅርና ነጋሪም አልሆንም ነበር።

«ቅኔ እኮ የቃል ነው፤ መጻፍ ሌላ ነው» የሚል ባልደረባ አለኝ። ግማሽ እውነት አለው። ረጅም ሐተታ፣ አንቀጽን ከአንቀጽ ማያያዝ፣ ማስረጃ መደርደር በቅኔ ቤት አይገኝም። ነገር ግን ከዚያ ዓይነት ቤት ወጥተው በዝርው የጻፉ ሰዎች አሉን። ዐፄ ቴዎድሮስ ደብረ ታቦር ላይ በተቀመጡበት ዘመን የነገሥታት ታሪክ ከግእዝ ወጥቶ በአማርኛ መጻፍ ሲጀምር ከጻፉት አንዱ ደብተራ ዘነብ ነበር። ሐዲስ ዓለማየሁ በ1958 ዓ.ም. «ፍቅር እስከ መቃብር»ን ከማሳተማቸው ብዙ ዓመት በፊት በጎጃም የአብነት ትምህርት ቤቶች ያለፉ ሰው ናቸው፤ በዛብህን ያነበበ ሰው ያንን ዓለም ከውስጥ የሚያውቅ ሰው እንደጻፈው ወዲያው ይገባዋል። የሰሚን ጆሮ የለመደ ሰው ብዕር ሲይዝም አይጠፋበትም።

ዘመናዊው ከፍተኛ ትምህርት በ1943 ዓ.ም. የአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ኮሌጅ በካናዳዊው ኢየሱሳዊ በዶክተር ሉሲየን ማት መሪነት ሲከፈት፣ ይህ ሁሉ ከደጅ ቀረ። ቋንቋው እንግሊዝኛ ሆነ፤ ድርሰት የተማሪና የመምህር የሁለትዮሽ ጉዳይ ሆነ። መምህራኑን መውቀስ አይገባም፤ በመላው ዓለም የተለመደው እሱ ነበር። የሚገርመው ግን የዚያ ዘመን ተማሪዎች እስከ ዛሬ የሚታወሱበት ጽሑፍ ለክፍል የጻፉት አለመሆኑ ነው። በኮሌጅ ቀን ከጓደኞቻቸው ፊት ቆመው ያነበቧቸው ግጥሞች ናቸው። የታምሩ ፈይሳ «ድሃው ይናገራል» በ1953 ዓ.ም. ተሰማ፤ የኃይሉ ገብረ ዮሐንስ፣ የገሞራው፣ «በረከተ መርገም» በ1959 ዓ.ም. መጣ። ከዚያ ሌላ «ኒውስ ኤንድ ቪውስ»ን የመሰሉ የተማሪ ጋዜጦች ነበሩ፤ ጸሐፊውም አራሚውም አንባቢውም ተማሪ የሆነባቸው። ስለ ፖለቲካው የተባለው ብዙ ነው፤ እኔን የሚስበው ሌላው ነው። እነዚያ ወጣቶች ማን እንደሚሰማቸው ያውቁ ነበር። በሺህ የሚቆጠር እኩያ ከፊታቸው ቆሞ «ይበል» ሊላቸው ወይም ሊያፏጭባቸው ይችላል። የትኛው የክፍል አሳይመንት ነው እንዲህ ያለ አንባቢ የነበረው?

እኛ ጎንደር የተማርን ደግሞ ሌላ ዕድል ነበረን። የጎንደር የሕዝብ ጤና ኮሌጅ በ1947 ዓ.ም. ሲቋቋም፣ መንግሥት ከዓለም ጤና ድርጅት፣ ከዩኒሴፍና ከአሜሪካ የቴክኒክ እርዳታ ጋር ሆኖ ያሰበው ሐኪም ብቻውን ማሠልጠን አልነበረም፤ የጤና መኮንን፣ የኅብረተሰብ ነርስና የአካባቢ ጤና ባለሙያ አንድ ላይ፣ በቡድን እንዲሠሩ ነበር። እ.ኤ.አ. በ1978 ከላይፕዚግ ዩኒቨርሲቲ ጋር በመተባበር የሕክምና ትምህርቱ ሲጀመርም ያ ሐሳብ አልጠፋም። ቲቲፒ የምንለው ነው። በየሙያው ያለን ተማሪዎች ወደ አንድ የገጠር ከተማ ተልከን፣ አንድ ቤት ተከራይተን፣ ከአንድ ድስት በልተን፣ የኅብረተሰቡን የጤና ችግር አጥንተን፣ በመጨረሻ አንድ ሪፖርት እንጽፋለን። ያለፋችሁበት ሁሉ ያንን ሪፖርት ታስታውሱታላችሁ፤ የሌሊቱን ቡናም፣ የመብራቱን መጥፋትም።

የእኛ ቡድን አንድ ልማድ ነበረው፤ ማንም አላዘዘንም። ሁሉም የራሱን ክፍል ለብቻው ይጽፋል፤ ከዚያ እንለዋወጣለን። የውኃ ጉድጓዱን ክፍል የምታነበው የላብራቶሪ ተማሪዋ ናት፤ የላብራቶሪውን ነርሱ፤ የሕክምናውን የአካባቢ ጤናው ልጅ። ያልገባውን ያሰምርበታል። «ይህ ለእኔ ካልገባኝ ለወረዳው አስተዳዳሪ እንዴት ይገባዋል?» የምትለዋ ጥያቄ የቡድኑ መፈክር ሆና ነበር። ከስድስት ዓመት ትምህርት ውስጥ ጽሑፌን ማርክ የማይሰጠኝ ሰው አንብቦ «እዚህ ጋ ጠፋሁ» ያለኝ ያን ጊዜ ብቻ ነው። ቲቲፒን ያቀዱት ሰዎች ስለ ድርሰት ማስተማር ያሰቡ አይመስለኝም። ግን አስተማሩን።

ከዓመታት በኋላ ስለዚህ ጉዳይ ፈረንጆቹ ምን ብለዋል ብዬ ማንበብ ስጀምር፣ ከሕክምና ወጥቼ ሄጄ ሕክምና ጋ ደረስኩ። ጄን አበርክሮምቢ የምትባል የእንግሊዝ የሥነ ሕይወት ምሁር እ.ኤ.አ. በ1960 አንድ መጽሐፍ አሳትማ ነበር፤ ርዕሱ በአማርኛ «የፍርድ አናቶሚ» ቢባል ይስማማዋል። ለንደን ውስጥ የሕክምና ተማሪዎችን ታስተምራለች። ተማሪዎቹን በትንንሽ ቡድን ታስቀምጥና ራጅ የመሰለ ነገር ትሰጣቸዋለች፤ እያንዳንዱ ያየውን ለየብቻው ይጽፋል፤ ከዚያ ይነጋገሩበታል። ሁሉም ያየው ያንኑ ፊልም ነው፤ የጻፈው ግን ሌላ ሌላ ነው። አንዱ «አየሁ» ያለው በእርግጥ ያየው ሳይሆን የገመተው መሆኑን የሚያውቀው ጓደኛው ሌላ ነገር ሲል ነው። መምህሩ «ተሳስተሃል» ቢለው ይቀበላል እንጂ አይነቃም። በእንዲህ ያለ ቡድን የተማሩት የምርመራ ፍርድን ብቻቸውን ከሚሠሩት ይልቅ ቶሎና በተሻለ እንደሚይዙ ጻፈች።

ይህን መጽሐፍ አንብቦ ወደ ድርሰት ክፍል ያመጣው አሜሪካዊው ኬኔዝ ብሩፊ ነው። ብሩክሊን ኮሌጅ ያስተምር ነበር። እ.ኤ.አ. ከ1970 ጀምሮ የኒውዮርክ ከተማ ዩኒቨርሲቲ በሩን ሲከፍት፣ ለኮሌጅ ጽሑፍ ያልተዘጋጁ ተማሪዎች በብዛት ገቡ። ረዳት መምህር ቢመደብላቸው አይመጡም፤ ከዚያው ከክፍል የሚያመልጡት ዓይነት ነገር ስለመሰላቸው። ተማሪ ለተማሪ እንዲያነብ ሲደረግ ግን መጡ። ብሩፊ ይህን አስቦበት እ.ኤ.አ. በ1984 በጻፈው ጽሑፍ የአበርክሮምቢን የሕክምና ተማሪዎች እንደ መነሻ ጠቀሳቸው። የእኛም ነገር ከዚህ ብዙ አይርቅም፤ ዩኒቨርሲቲዎቻችን በአንድ ትውልድ ዕድሜ ከሁለት ተነስተው ከአርባ በላይ ሲሆኑ፣ የጽሑፍ ኮርስ የያዘው መምህር ስልሳ ሰባ ተማሪ ፊት ቆመ። ሰባ ድርሰት በየሳምንቱ አንብቦ የሚያርም ሰው ካለ እኔ እንደ በሽተኛ ልቀበለው ዝግጁ ነኝ።

እኛም እኮ መፍትሔ አምጥተን ነበር። በ2000ዎቹ አንድ ለአምስት መጣ። በወረቀት ላይ ሲታይ ከአስነጋሪው የራቀ አይደለም፤ ጎበዙ ሌሎቹን ይደግፋል። ነገር ግን አደረጃጀቱ ከላይ ወረደ፤ የሚጠየቀውም «ተሰበሰባችሁ ወይ?» እንጂ «ምን ጻፋችሁ፣ ማን አነበበው?» አልነበረም። ቃለ ጉባኤ ተሞላ፣ ፊርማ ተሰበሰበ። ጎበዙም መሪ ተባለ እንጂ ላሳለፈው ነገር የሚያፍርበት ወንበር አልነበረውም። የኔታ የነገሩኝ ትልቁ ምሥጢር ያ ነው፤ የሰማ ሰው ለሰማው ይጠየቃል። ያ ሲጎድል የቀረው ስም ብቻ ነው። በዚህ ምክንያት ዛሬ መምህራን «እርስ በርስ ይተራረሙ» ሲባሉ የሚሰማቸው ድካም ይገባኛል፤ ከአንድ ለአምስት ጋር ያምታቱታል። እኔ ግን በአንዱ መክሸፍ ሌላው መቀጣቱ አይታየኝም።

አሁን እዚህ ደብረ ታቦር እኔና ሁለት ባልደረቦቼ ሐሙስ ከሰዓት የምንሠራው ትንሽ ነገር አለ። እያንዳንዱ ኢንተርን አንድ የበሽተኛ ካርድ ይዞ፣ ለብቻው፣ በሃያ ደቂቃ የሪፈር ወረቀት ይጽፋል። ስምና አድራሻ አይጻፍም። ከዚያ በሽተኛዋን ለማያውቅ ጓደኛው ይሰጠዋል። አንባቢው ወረቀቱን ጮክ ብሎ ያነብና «እኔ አሁን ተረኛ ብሆን የማደርገው ይህን ነው» እያለ ይናገራል። የጻፈው ሰው መናገር አይፈቀድለትም። ከባዱ እሱ ነው፤ አፉን ሊከፍት ይልና ይመልሰዋል። ጓደኛው መድኃኒቱን ሲደግመው፣ የደም ዓይነቷን እንደ አዲስ ሲያስመረምር፣ ቀዶ ሕክምና የተደረገላትን ሴት እንዳልተደረገላት ሲቆጥር ቁጭ ብሎ ይሰማል። «ይህን ለምን አልጻፍክም?» የሚለው አይኖርም፤ ሁሉም በዓይኑ አይቶታል። ከዚያ ወረቀቱን ወስዶ እንደገና ይጽፋል።

መጀመሪያ ላይ «ጊዜ የለንም» ያሉኝ ነበሩ። እውነት ነው፤ ዱቲ ያደረ ልጅ ሐሙስ ከሰዓት መተኛት ነው የሚፈልገው። እኔ የምመልሰው ያን ዕለት ስልክ እስኪነሳ የጠበቅነውን ጊዜ በማስታወስ ነው። የታየውን ለውጥ ብትጠይቁኝ፣ ወረቀቶቹ በሁለት በሦስት መስመር ረዘሙ፤ «ስቴብል ናት» የምትለዋ ቃል ደግሞ ልትጠፋ ምንም አልቀራት፤ በቦታዋ የደም ግፊትና የትንፋሽ ቁጥር ገባ። ማንም አልከለከላትም። አንድ ሐሙስ አንባቢው ልጅ «ስቴብል ናት ካለ እንግዲህ ሻይ ጠጥቼ ልምጣ» ብሎ ተነስቶ ሊወጣ ሲል ሁሉም ሳቀ፤ ከዚያ ወዲህ ነው።

ካለፈው ዓመት ጀምሮ ደግሞ ኢንተርኖቹን አስነጋሪ አደረግናቸው። ሲ ዋን ተማሪዎች የሚጽፉትን የበሽታ ታሪክ መጀመሪያ እነሱ ይሰማሉ፤ ያሳለፉት ወደ እኛ ይመጣል፤ ስንነቅፈው ሁለቱም አብረው ቆመው ይሰማሉ። ቃሉን ከየት እንዳመጣነው ስነግራቸው ከመካከላቸው አንዱ ዲያቆን ሳቀና «ዶክተር፣ እኔ ይሄን ጉባኤ ቃና ላይ ጨርሼው ነው የመጣሁት» አለኝ። እሱን አስነጋሪ አድርገን ስንሾመው የተቃወመ አልነበረም።

አንዳንዴም ነገሩ ይገለበጣል። በቀደም አንድ ኢንተርን የጻፈው ወረቀት ለአንዲት ሲ ዋን ደረሳት። ወረቀቱ ንጹሕ ነው፤ እኔም አይቼው ነበር። የመጨረሻው የወር አበባ የመጣበት ቀን «5/6» ይላል። ልጅቷ በእርሳስ ከጎኑ አንድ ጥያቄ ጻፈች፦ «በእኛ ነው በፈረንጅ?» የካቲት 5 ከሆነ አንድ ነው፤ ጁን 5 ከሆነ ሌላ ነው፤ በሁለቱ መካከል የ16 ሳምንት እርግዝና አለ። ክፍሉ ጸጥ አለ። የጻፈው ኢንተርን ወረቀቱን ተቀብሎ ካርዱን ሊያይ ወደ ዋርድ ሄደ።